መሪው ወደ አንድ ወገን ሲስብ፦ ጥፋቱ የጎማው፣ የፍሬኑ ወይስ የመንገዱ?

በሰዓት 120 ኪሎ ሜትር የሚጓዝ መኪና በአንዲት ሰከንድ ውስጥ 33 ሜትር ይሸፍናል። ይህ መኪና መሪው ሲለቀቅ በየ100 ሜትሩ አንድ ሜትር ያህል ወደ ቀኝ የሚያዘነብል ከሆነ፣ ሦስት ሰከንድ ሳይሞላ የራሱን መስመር ለቆ የጎረቤቱን መርገጥ ይጀምራል። ሾፌር ስልኩ ላይ ዓይኑን የሚጥልበት፣ ወይም ከኋላ የተቀመጠውን ሕፃን ዞር ብሎ የሚያይበት ጊዜ ደግሞ ከዚህ አያንስም። ከአቡዳቢ ወደ ዱባይ በሚወስደው ኢ 11 አውራ ጎዳናም ሆነ እ.ኤ.አ በ2014 በተከፈተው የአዲስ አበባ-አዳማ የፍጥነት መንገድ ላይ «መኪናው ትንሽ ይስባል» የሚለው ንግግር እንደ ቀላል ቅሬታ ሊታለፍ የማይገባው በዚህ ምክንያት ነው።

የዚህ ብልሽት ክፉ ጠባዩ ቀስ ብሎ መምጣቱ ነው። የሾፌሩ ክንድ ጥቂት በጥቂት ወደ ተቃራኒው ወገን መያዝን ይለምዳል፤ ከወራት በኋላም መኪናው ቀጥ ብሎ የሚሄድ ይመስለዋል። ጉድለቱን ቀድሞ የሚያውቀው ብዙውን ጊዜ መኪናውን ለአንድ ቀን የተዋሰ ዘመድ ወይም በፈረቃ የተረከበ ሌላ ሾፌር ነው። በባሕረ ሰላጤው አገሮች በግለሰብ ቤት ተቀጥረው የሚነዱ ኢትዮጵያውያን ደግሞ ሌላ ጣጣ ይጨመርባቸዋል። መኪናው የአሠሪው ነው፤ ሒሳቡንም የሚከፍለው አሠሪው ነው። «ይስባል» ከማለት አልፎ መቼ እንደሚስብ፣ በየትኛው መንገድ ላይ እንደሚስብና ምን ሲደረግ እንደሚብስ በዝርዝር ማስረዳት የቻለ ሾፌር ተሰሚነቱ ይጨምራል፤ ለጋራዡም ሥራውን ግማሽ ያቀልለታል።

ብዙዎች ይህ ችግር ሲገጥማቸው በቀጥታ የሚሄዱት ወደ አላይመንት ቤት ነው። መሣሪያው ዘመናዊ ነው፣ በኮምፒዩተሩ መስታወት ላይ ቀይና አረንጓዴ ቁጥሮች ይታያሉ፣ ደንበኛውም ገንዘቡ ቁም ነገር ላይ እንደዋለ ይሰማዋል። ነገር ግን የጎማ አላይመንት የምርመራው መጨረሻ እንጂ መጀመሪያ ሊሆን አይገባውም። ነፋሱ የጎደለ ጎማ፣ የተጣበቀ ፍሬን ወይም የላላ መገጣጠሚያ ባለበት መኪና ላይ የሚደረግ ልኬት ብልሽቱን አስተካክሎ ሳይሆን ሸፍኖ ይመልሰዋል። ትክክለኛው ቅደም ተከተል ምንም ከማይጠይቀው ወደ ብዙ የሚያስከፍለው መሄድ ነው።

ከሁሉ በፊት ግን ቅሬታው ራሱ መጣራት አለበት። በአማርኛ «መሪው ይስባል» ሲባል ሦስት የተለያዩ ነገሮች በአንድ ስም ይጠራሉ። አንደኛው መሪው ሲለቀቅ መኪናው በእርግጥ ወደ አንድ ወገን የሚሄድበት ነው። ሁለተኛው መኪናው ቀጥ ብሎ እየሄደ መሪው ግን ተጣሞ የሚቆምበት ነው፤ ይህ መሳብ አይደለም፣ ፈውሱም ሌላ ነው። ሦስተኛው መኪናው አንዴ ወደ ግራ አንዴ ወደ ቀኝ የሚዋልልበት ሲሆን፣ ብዙውን ጊዜ በመሪው ክንዶች መገጣጠሚያ ላይ የተፈጠረ ልልነትን ያመለክታል። እነዚህን ሳይለይ ወደ ጋራዥ የሄደ ሰው ሆዱን ታምሞ ራሴን ነው እንዳለ ሕሙም ይቆጠራል።

ቀጥሎ ያለው ጥያቄ የሚስበው መኪናው ነው ወይስ መንገዱ የሚለው ነው። መንገድ ሲሠራ የዝናብ ውኃ እንዳይተኛበት ከመሐል ወደ ዳር እንዲያዘነብል ይደረጋል፤ የተለመደው ዝንባሌ ሁለት በመቶ ገደማ ነው። ኢትዮጵያም ሆነች የባሕረ ሰላጤው አገሮች በቀኝ በኩል የሚነዳባቸው ስለሆኑ፣ ፍጹም ጤናማ የሆነ መኪናም በእንዲህ ያለ መንገድ ላይ በዝግታ ወደ ቀኝ ቢያዘነብል አያስገርምም። ንፋስም የራሱ ድርሻ አለው፤ «ሸማል» የሚባለው የሰሜን ምዕራብ ንፋስ በሚነፍስበት ቀን ከፍ ያለ ቁመት ያለው መኪና ሁሉ ይገፋል። ስለዚህ ፈተናው በአንድ መንገድ ላይ በአንድ አቅጣጫ ብቻ ተደርጎ አይበቃም። ንፋስ በሌለበት ሰዓት፣ ትራፊክ በሌለበትና በተስተካከለ ሜዳ ላይ፣ ሄዶም ተመልሶም መሞከር ይገባል። በሁለቱም አቅጣጫ ወደ አንድ ወገን የሚስብ ከሆነ ጥፋቱ የመኪናው ነው። አዳዲሶቹ መኪኖች ላይ መስመር ጠባቂ የሚባለው ሥርዓት ሾፌሩ ሳያውቀው መሪውን ስለሚያርም፣ በፈተናው ጊዜ መጥፋት አለበት። እጅም ቢሆን ከመሪው ሙሉ በሙሉ አይነሣም፤ በሁለት ጣት ያህል ላላ አድርጎ መያዝ ለመለየት ይበቃል።

መንገዱ ነጻ ከወጣ፣ ተጠርጣሪው በአብዛኛው ጎማ ነው። የፊት ጎማዎች የነፋስ መጠን ሲበላለጥ መኪናው ነፋሱ ወደ ጎደለበት ወገን ይስባል። ነገሩ ቀላል ይምሰል እንጂ በበረሃ አገር ልኬቱ ራሱ ያታልላል። የጎማ ሙቀት በአምስት ዲግሪ ተኩል ገደማ በጨመረ ቁጥር በውስጡ ያለው ግፊት አንድ ፒኤስአይ ያህል ከፍ ይላል። ከሰዓት በኋላ አንድ ጎኑን ለፀሐይ ሰጥቶ የቆመ መኪና በፀሐይ በኩል ያሉት ጎማዎቹ በጥላ በኩል ካሉት 10 ዲግሪ ቢሞቁ፣ መለኪያው ሁለት ፒኤስአይ ያህል ልዩነት ያሳያል። ይህን ያየ ጎሚስታ ሞላ ካለው ጎማ ነፋስ ቢያስወጣ፣ ማታ ሲቀዘቅዝ ያልነበረ ልዩነት ፈጥሮ ይተዋል። ስለዚህ ነፋስ የሚለካው በማለዳ፣ መኪናው ሳይነሣና አራቱም ጎማዎች እኩል ቀዝቅዘው ሳሉ ነው። ትክክለኛው መጠን ደግሞ በጎማው ጎን ላይ የተጻፈው ከፍተኛ ቁጥር ሳይሆን በሾፌሩ በር ምሰሶ ላይ በተለጠፈው ወረቀት የሰፈረው ነው።

እዚህ ላይ ከጅቡቲ ወደ አዲስ አበባ የሚጓዙ ሾፌሮችን የሚመለከት አንድ ነገር አለ። ከባሕር ጠለል ተነሥቶ ከ2300 ሜትር በላይ ከፍታ ላይ የሚደርስ መኪና የውጭው አየር ግፊት ስለሚቀንስ የጎማ መለኪያው ከሦስት ፒኤስአይ በላይ ጭማሪ ያሳየዋል፤ ከወደቡ ሙቀት ወደ ደጋው ብርድ መግባቱ ደግሞ ወደዚያው የሚጠጋ ቅናሽ ያመጣል። ሁለቱ በግርድፉ ይጣፋሉ። ለውጡ አራቱንም ጎማዎች እኩል ስለሚነካ መሪን አያስስብም፤ ሆኖም በመንገድ ላይ፣ በአዋሽ ሙቀት መሐል ቆሞ ነፋስ ያስተካከለ ሰው አዲስ አበባ ሲደርስ እንደገና ቢለካ አይጸጸትም።

የግፊት ማስጠንቀቂያ መብራት አልበራም ብሎ መተማመንም አያዋጣም። በአሜሪካ ደንብ መሠረት መብራቱ እንዲበራ የሚጠበቀው ግፊቱ ከተወሰነለት 25 በመቶ ሲጎድል ነው። ለ35 ፒኤስአይ የተሠራ ጎማ 26 ገደማ እስኪደርስ መብራቱ ዝም ሊል ይችላል ማለት ነው፤ መሪው ግን ከዚያ ብዙ ቀደም ብሎ መሳብ ይጀምራል።

ነፋሱ እኩል ሆኖም የሚስብ ጎማ አለ። በጎማው ሆድ ውስጥ ያለው የብረት ሽቦ መቀነት ከመሐሉ ጥቂት ፈቀቅ ብሎ ከተቀመጠ፣ ጎማው ለዓይን ክብ ሆኖ ሳለ ሲሽከረከር ግን እንደ ሾጣጣ ይሆናል። የወረቀት ኩባያን ወለል ላይ አጋድሞ የገፋ ሰው ኩባያው ቀጥ ብሎ ሳይሄድ ወደ ጠባቡ ጫፍ ሲዞር ያያል፤ ጎማውም የሚያደርገው ይህንኑ ነው። እንዲህ ያለው ጉድለት ከፋብሪካ በወጣ አዲስ ጎማ ላይም ይገኛል፤ ስለዚህ «ጎማው አዲስ ነው» የሚለው ክርክር ነጻ አያወጣውም። የግራና የቀኝ ጎማዎች የተለያየ ስሪት ሲሆኑ ወይም አንዱ አርጅቶ ሌላው አዲስ ሲሆንም ውጤቱ ይቀራረባል። የጎማን ዕድሜ ለማወቅ በጎኑ ላይ ያሉትን የመጨረሻ አራት አኃዞች ማንበብ ነው፦ 2321 ማለት በ2021 ዓመት በ23ኛው ሳምንት የተሠራ ማለት ነው።

ይህን ለማረጋገጥ የሚያስፈልገው ክሪክ፣ የጎማ ቁልፍና የግማሽ ሰዓት ጉልበት ብቻ ነው። የፊት ግራውንና የፊት ቀኙን ጎማ ማቀያየር፣ ከዚያም በዚያው መንገድ ላይ መንዳት። ወደ ቀኝ ይስብ የነበረው መኪና አሁን ወደ ግራ ከሳበ፣ ጥፋቱ በማያሻማ ሁኔታ የጎማ ነው። መሳቡ በነበረበት ከቀጠለ ጎማው በአብዛኛው ነጻ ወጥቷል፤ ወደ ሌላው መሻገር ይቻላል። ጎማው የመሽከርከሪያ አቅጣጫውን የሚያመለክት ቀስት ካለበት ግን ግራና ቀኝ አይቀያየርም፤ በዚያው ጎን የፊቱን ከኋላው ጋር መለዋወጥ ይበቃል። ብዙ ገንዘብ ከሚያስወጡ ጥገናዎች በፊት ይህችን አንዲት ሙከራ ያልጠየቀ ጋራዥ ሥራውን በቅጡ ጀምሯል ለማለት ያስቸግራል።

ጎማው ነጻ ሲሆን ጥያቄው «መቼ ይስባል?» ወደሚለው ይዞራል። ፍሬን ሲያዝ ብቻ የሚስብ ከሆነ፣ መኪናው የሚሄደው ፍሬኑ በርትቶ ወደያዘበት ወገን ነው። ብልሽቱ ያለው ግን ብዙውን ጊዜ በተቃራኒው ጎማ ላይ ነው፤ ወደ ቀኝ ከሳበ በግራ በኩል ያለው ፍሬን ሰንፏል ማለት ነው። ፒስተኑ ደርቆ አልገፋ ብሎ ይሆናል፣ ወይም የፍሬን ሸራው ዘይት ወይም ግራሶ ነክቶት ይሆናል። ያላወቀ ሰው ጤነኛውን ፈትቶ በሽተኛውን ይተዋል። የታችኛው ክንድ የጎማ ቡሽ ተበልቶ ሲላላም ፍሬን ሲያዝ ጎማው ወደ ኋላ ስለሚሸሽ ተመሳሳይ ምልክት ያሳያል።

ፍሬን ሳይያዝም የሚስብ፣ ከረጅም ጉዞ በኋላም የሚብስ ከሆነ፣ አንዱ ፍሬን ሳይለቅ ቀርቶ ይሆናል። ይህ የሚታወቀው በሙቀት ነው። ፍሬን እምብዛም ሳይነካ አሥር ደቂቃ ያህል ከተነዳ በኋላ መኪናውን ማቆም፣ ከዚያ መዳፍን ወደ እያንዳንዱ ቸርኬ ማስጠጋት፤ መንካት ግን አይገባም፣ ያቃጥላል። በርቀት የሙቀት መጠን የሚያነብ መለኪያ ካለ የተሻለ ነው። ከአቻው እጅግ የሞቀው፣ የተቃጠለ ሽታ የሚወጣው ጎማ ፍሬኑ የተያዘበት ነው። ምክንያቱን ለመለየት መካኒኩ ጎማውን በክሪክ አንሥቶ የፍሬኑን የአየር ማስወጫ ብሎን በትንሹ ይከፍታል። ዘይቱ ፈንጥቆ ጎማው ወዲያው ከተለቀቀ፣ ግፊቱን አፍኖ የያዘ ነገር ከበላይ አለ፤ ተደጋግሞ የሚገኘው ጥፋተኛ ደግሞ ከውስጥ ያበጠው የፍሬን ጎማ ቱቦ ነው። እንዲህ ያለ ቱቦ ዘይቱን በእግር ኃይል ያስገባዋል፣ ሲመለስ ግን ይዘጋበታል፤ ከውጭ ሲታይ ምንም አይልም። ብሎኑ ተከፍቶም ጎማው ካልተለቀቀ፣ ፒስተኑ ወይም ካሊፐሩ የሚንሸራተትበት ካስማ ዝጓል ማለት ነው።

ይህ የፍሬን ነገር በአዲስ አበባ ከቀድሞው ይልቅ እንዲታሰብበት የሚያደርግ ምክንያት መጥቷል። ኢትዮጵያ እ.ኤ.አ በ2024 መጀመሪያ በነዳጅ የሚሠሩ የግል መኪኖች ወደ አገር እንዳይገቡ መከልከሏ ከታወቀ ወዲህ በከተማዋ የኤሌክትሪክ መኪኖች በዝተዋል። እነዚህ መኪኖች ፍጥነታቸውን የሚቀንሱት በአብዛኛው በሞተሩ ኃይሉን ወደ ባትሪ በመመለስ ስለሆነ፣ ሸራና ዲስኩ እምብዛም አይሠሩም። ያልሠራ ብረት ደግሞ በክረምት ዝናብ ይዝጋል። ሸራው አላለቀምና ፍሬኑ ጤናማ ነው የሚለው የቆየ ልማድ እዚህ ላይ አይሠራም፤ የካሊፐሩ ካስማ ሸራው ሳያልቅም ተፈትቶ ሊጸዳና ሊቀባ ይገባዋል።

መሳቡ የሚታየው ነዳጅ ሲሰጥ ብቻ ከሆነ ምንጩ ሌላ ነው። የፊት ጎማዎቹ በሚጎትቱት መኪና ላይ ከካምቢዮው ወደ ግራና ወደ ቀኝ የሚወጡት አክሶች ርዝመታቸው የተለያየ ሲሆን፣ በኃይል ሲረገጥ መሪው ጥቂት መሳቡ የተፈጥሮ ጠባዩ ነው። ቀድሞ ያልነበረ ከሆነ ግን የሞተር መያዣው ወይም የክንዱ ቡሽ ይመርመር።

አላይመንት ተራው የሚደርሰው ከዚህ በኋላ ነው። ሦስት ማዕዘኖች ይለካሉ። የመጀመሪያው ካምበር ሲሆን፣ መኪናው ከፊት ለፊት ሲታይ ጎማው ወደ ውስጥ ወይም ወደ ውጭ ማጋደሉን ይነግራል፤ መኪናው አናቱ ወደ ውጭ ይበልጥ ወዳጋደለው ጎማ ወገን ይስባል። ሁለተኛው ካስተር ነው። የብስክሌት የፊት ሹካ ወደ ኋላ አጋድሎ በመሠራቱ መሪው ሲለቀቅ ቀጥ ብሎ እንደሚመለስ ሁሉ፣ የመኪናም የፊት ጎማ የሚዞርበት ዘንግ ወደ ኋላ ያጋደለ ነው። ይህ ማጋደል በአንዱ ወገን ካነሰ መኪናው ወደዚያ ወደ አነሰው ይስባል። ሦስተኛው ቶ የሚባለው፣ የሁለቱ ጎማዎች አፍንጫ መቀራረብ ወይም መራራቅ ነው። ብዙ ጊዜ የሚስተካከለው እርሱ ቢሆንም፣ የፊቱ ቶ ብቻውን መኪናን አያስስብም፤ ልዩነቱን ሁለቱ ጎማዎች እኩል ይካፈሉታልና። ጎማ ይበላል፣ መሪንም አጣሞ ያቆማል። «ቶውን አስተካክለንልሃል፣ አሁን አይስብም» የተባለ ደንበኛ መኪናውን ከመረከቡ በፊት ቢነዳው መልካም ነው።

እንደ ቶዮታ ኮሮላና ቪትዝ ባሉ በኢትዮጵያ በብዛት በሚታዩ መኪኖች ላይ የፊት ካስተር በቁልፍ የሚስተካከል ነገር አይደለም፤ ፋብሪካው እንደሠራው ይኖራል። ስለዚህ በግራና በቀኝ የጎላ ልዩነት ከተገኘ የሚስተካከል ሳይሆን የተጣመመ ነገር አለ። ጉድጓድ የመታ ክንድ፣ ከእግረኛ መንገድ ጠርዝ ጋር የተጋጨ ቸርኬ፣ ወይም ከቦታው የተንሸራተተ የሞተር አልጋ ይሆናል። የመጨረሻው የሚታወቀው የአንዱ ወገን ካምበር በጨመረበት መጠን የሌላው ሲቀንስ ነው። የወረደ ሞላ ወይም የሰነፈ ባሌስትራም ማዕዘኑን ያዛባል፤ ከጎማው መሐል እስከ ክንፉ ጠርዝ ያለውን ቁመት በሁለቱም ወገን በሜትር መለካት ይህን ወዲያው ያጋልጣል።

ነገሩ ከሁሉ የሚከብደው ያገለገለ መኪና ለሚገዛ ሰው ነው። ተጋጭተው በአሜሪካ ጨረታ የተሸጡ መኪኖች ወደ ኤምሬቶች ገብተው በሻርጃና በአካባቢው ጋራዦች ተጠግነው ወደ ሌሎች አገሮች የሚሸጡበት ንግድ የታወቀ ነው። ብዙዎቹ በአግባቡ ይጠገናሉ። ሆኖም ቀለም የሸፈነውን የተጣመመ ሻንሲ መሪው አይሸፍነውም። መሪያቸው ከቀኝ ወደ ግራ የተዛወረ መኪኖችም የመሪው መገጣጠሚያ በሙሉ የተለወጠባቸው ስለሆኑ ተመሳሳይ ጥንቃቄ ይሻሉ። ገዢው ያለ ምንም መሣሪያ ሊያደርገው የሚችለው አንድ ፈተና አለ፦ ጎማዎቹን በውኃ አርሶ መኪናውን በደረቅ ሲሚንቶ ላይ ጥቂት ሜትሮች ቀጥ አድርጎ ማስነዳትና ፈለጉን መመልከት። የኋላ ጎማዎቹ ፈለግ ከፊቶቹ አንጻር በሁለቱም ወገን እኩል ካልሆነና ወደ አንድ ጎን ከወጣ፣ መኪናው እንደ ሸርጣን በጎኑ እየተራመደ ነው። በሜትርም ከፊት ጎማ መሐል እስከ ኋላ ጎማ መሐል ያለውን ርቀት በግራና በቀኝ ማወዳደር ይቻላል። ሻጩ «አላይመንት ብቻ ነው የሚፈልገው» ሲል፣ ተገቢው መልስ አላይመንቱ ከሽያጩ በፊት ይሠራና ከማስተካከሉ በፊትና በኋላ የተነበቡት ቁጥሮች ታትመው ይሰጡ የሚል ነው። በታተመው ወረቀት ላይ ከማስተካከሉ በኋላም ቀይ ሆኖ የቀረ ቁጥር ካለ፣ የዋጋው ድርድር ከዚያ ይጀምራል።

ሁሉም ተፈትሾ ምንም ካልተገኘ ሁለት ነገሮች ይቀራሉ። መኪናው ወደ ቀኝ ከታጠፈ በኋላ ወደ ቀኝ፣ ወደ ግራ ከታጠፈ በኋላ ደግሞ ወደ ግራ የሚስብ ከሆነ፣ የሾኩ የላይኛው መያዣ ወይም አንዱ መገጣጠሚያ ደርቆ መሪው ወደ ቦታው እንዳይመለስ እየያዘው ነው። በኤሌክትሪክ የሚታገዝ መሪ ያለው መኪና ላይ ደግሞ የመሪውን መሐል የሚያውቀው ሴንሰር ባትሪ ከተነቀለ ወይም አላይመንት ከተሠራ በኋላ እንደገና መመዝገብ ሊያስፈልገው ይችላል። ሴንሰሩ መሐሉን ተሳስቶ ከያዘ ሞተሩ ራሱ መሪውን ወደ አንድ ወገን ይገፋል፤ ይህን የሚፈታው መፍቻ ሳይሆን የኮምፒዩተር መመርመሪያ ነው።

በወራት የመጣ መሳብ ቀጠሮ ተይዞለት ሊመረመር ይችላል። በድንገት የመጣ፣ የመንኳኳት ድምፅ ያለው፣ ከአንድ ጎማ ጭስ ወይም የተቃጠለ ሽታ የሚወጣበት፣ ወይም ጉድጓድ ከመታ በኋላ መሪው የላላበት መኪና ግን እስከ ጋራዡም ቢሆን መነዳት የለበትም። የጎማው ኩሽኔታ ወይም የክንዱ መገጣጠሚያ ሊለቅ ተቃርቦ ይሆናል፤ መኪናው ዳር ይዞ ይቆማል፣ የሚወስደውም ጎታች መኪና ነው።